ድምፅ አልባዎቹ ባቡሮች

ሲኒማና ባቡር የተዋወቁት ሲኒማው ገና በእግሩ ሳይቆም ነው። የፈረንሳዮቹ የሉሚየር ወንድማማቾች ላ ሲዮታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ጣቢያ ላይ ካሜራቸውን ተክለው፣ ከሩቅ ነጥብ መስሎ የሚታይ ባቡር እያደገ፣ እየገዘፈ መጥቶ በተመልካቹ ጎን ሲያልፍ ቀረጹ። ርዝመቱ ሃምሳ ሰከንድ ያህል ነው። በ1896 ለሕዝብ ሲታይ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) ተመልካቹ ባቡሩ ሊጨፈልቀው የመጣ መስሎት ከወንበሩ ተነሥቶ ሸሸ የሚል ወሬ አለ። የሲኒማ ታሪክ አጥኚዎች ወሬውን ማስረጃ የለውም ብለው ካጣጣሉት ቆይተዋል። እኔ ግን ተረቱን በተረትነቱ እወደዋለሁ። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብለው የሰየሙት የእኛ ሰዎችም ቢሆኑ፣ በጨርቅ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ያውቁ ነበር።

ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ስለ አንድ የተለየ የፊልም ዘር ነው። ሲኒማ አንደበቱ ከመፈታቱ በፊት፣ ማለትም እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ፣ ስለ ተሠሩት የባቡር ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች። ዘራፊ ባቡር ያስቆማል፤ ሎኮሞቲቭ ነጂውን ጥሎ ይነጉዳል፤ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ይመጣሉ፤ በበረሃ ጣቢያ ብቻዋን ያለች የቴሌግራፍ ሠራተኛ በር ትዘጋለች። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። ታሪኩ ምን ጊዜም አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ ግን ደግሜ ደጋግሜ አያቸዋለሁ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ስንኝ እቆጥራለሁ፤ በሁለቱም አልበለጸግሁም። ምናልባት የሥራዬ ጠባይ ይሆናል እነዚህን ፊልሞች ያስወደደኝ። ባቡር ይዘረፍ የነበረው ገንዘብ ስለሚጭን ነውና። በ1903 ኤድዊን ፖርተር ለኤዲሰን ኩባንያ የሠራውን «ታላቁ የባቡር ዘረፋ»ን ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ምስል ነው፤ ሪዙን ያጎፈረ ሽፍታ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ሽጉጡን በቀጥታ ወደ ተመልካቹ ይተኩሳል። ኩባንያው ይህን ቁራጭ ፊልሙን የሚያሳየው ሰው እንደ ፈቀደው በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ላይ ሊቀጥለው እንደሚችል ለገዢዎች አስታውቆ ነበር። እኔ ግን ልቤን የሚነካኝ ሌላ ሰው ነው። በዕቃ ፉርጎው ውስጥ ገንዘብ የሚጠብቅ አንድ ሠራተኛ አለ። ሌቦቹ በሩን ሊሰብሩ እንደ ሆነ ሲረዳ አስቀድሞ ሣጥኑን ይቆልፋል፤ ከዚያ ቁልፉን በተከፈተው የጎን በር ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ባቡሩ እየሄደ ነው፤ ቁልፉ በሜዳ ቀረ። ከዚያ በኋላ ተታኩሶ ይሞታል። ሌቦቹ ኪሱን በርብረው ቁልፍ ሲያጡ ሣጥኑን በዲናሚት ያፈነዱታል።

ይህ ሰው ስም የለውም። ፊት እንኳ የለውም ማለት ይቻላል፤ ካሜራው በዚያ ዘመን ወደ ሰው መጠጋትን ገና አልለመደም ነበርና። ባንክ ቤት የሠራ ሰው ግን ያውቀዋል። የእኛም ካዝና የሚከፈተው በሁለት ሰው እጅ ባሉ ሁለት ቁልፎች ነው፤ የአንደኛው ቁልፍ ያዥ እኔ የሆንሁባቸው ወራት ነበሩ። በእነዚያ ወራት ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ያንን ሰው አስበው ነበር። የእርሱ ያልሆነውን ገንዘብ ሊያድን አልቻለም፤ ሥርዓቱን ግን ፈጸመ። ፖርተር ይህን ለመናገር አንድም ቃል አላስፈለገውም።

ከፖርተር ስምንት ዓመት በኋላ ዴቪድ ግሪፊዝ «የሎንዴል ቴሌግራፍ ሠራተኛ» የተባለውን አጭር ፊልም ሠራ። ዓመቱ 1911 ነው። አባቷ ስለ ታመመ በእርሱ ቦታ የተቀመጠችን ልጅ የተጫወተችው ብላንች ስዊት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። የሠራተኞች ደመወዝ በከረጢት ሆኖ በባቡር ይመጣል፤ ሁለት ቦዘኔዎች ያሸቱታል፤ ልጅቱ በር ቆልፋ ወደ ሩቁ ጣቢያ ቴሌግራፍ ትመታለች፤ ሎኮሞቲቭ ነጂ የሆነው ወዳጇ እየከነፈ ይመጣል። ግሪፊዝ ሦስቱን ያፈራርቃቸዋል። በሩ፤ ልጅቱ፤ ሎኮሞቲቩ። ደግሞ በሩ፤ ልጅቱ፤ ሎኮሞቲቩ። ቁርጥራጮቹ እያጠሩ፣ የእኛም ትንፋሽ አብሮ እያጠረ ይሄዳል። በመጨረሻ ልጅቱ መብራቱን አጥፍታ በጨለማው ውስጥ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ትደግናለች፤ ሌቦቹ ሽጉጥ መስሏቸው እጃቸውን ይሰጣሉ። እርዳታው ከደረሰ በኋላ ካሜራው ጠጋ ይልና ነገሩ በኒኬል የተለበጠ ብሎን መፍቻ እንደ ነበር ያሳየናል።

በዚህ ፊልም ላይ እንደ ጀማሪ ገጣሚነቴ ልቆይበት የምፈልገው ነገር አለ። የማፈራረቅ ጥበብ ለምን ከባቡር ጋር እንዲህ ተስማማ? መልሱ በሐዲዱ ላይ ያለ ይመስለኛል። ፈረሰኛ ወደፈለገበት ሊታጠፍ ይችላል፤ ባቡር ግን አይችልም። ከየት እንደ ተነሣ፣ በየት እንደሚያልፍና የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ተወስኗል። የቀረው ጥያቄ «መቼ» የሚለው ብቻ ነው። ልክ እንደ ስንኝ ነው፤ የመጀመሪያው መሥመር በአንድ ፊደል ካለቀ ሁለተኛው በዚያው ፊደል ቤት እንደሚመታ እናውቃለን፤ የማናውቀው በምን ቃል እንደሚደርስ ነው። ልብ የሚንጠለጠለው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ በማወቅና ባለማወቅ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። በአንድ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች ይህን ነገር ያለ አስተማሪ ያስተምራሉ።

ድምፅ አለመኖሩስ? ያዳበረው እንጂ የጎዳው አይመስለኝም። መቼም በዚያ ዘመን አዳራሹ ጸጥ ያለ አልነበረም፤ ፒያኖ ይመታል፣ ትልልቆቹ ቤቶች ኦርኬስትራ ነበራቸው። ሆኖም ባቡሩ ራሱ አይናገርም። ታዲያ ፊሽካው እንደ ተነፋ የምናውቀው በምንድን ነው? በእንፋሎቱ! ከሎኮሞቲቩ ራስ ላይ አንዲት ነጭ ጉም ብቅ ትላለች፤ ዓይናችን ያያል፣ ጆሯችን ይሰማል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህ አይቸግረውም። እኔ ያደግሁት ከዚራ ነው፤ የባቡር ጥሩምባ ሲነፋ ሰዓት የሚያስተካክሉ አሮጊቶች ባሉበት ሰፈር። ድምፁን ከውስጤ አውጥቼ ለፊልሙ አበድራለሁ።

ሰው ሁሉ ስለ እነዚህ ፊልሞች ሲነሣ የሚጠቅሰው አንድ ነገር አለ፤ ባለ ጥቁር ባርኔጣው ክፉ ሰው ቆንጆዪቱን በሐዲድ ላይ ጠፍሮ ሲያስር። ፊልሞቹን ፈልጎ ላየ ሰው ግን ይህ ትዕይንት እጅግ ብርቅ ነው። ሥሩ ከመድረክ የመጣ ነው፤ አውጉስቲን ዴሊ በ1867 ኒው ዮርክ ላይ ባቀረበው ተውኔት በሐዲድ ላይ የሚታሰር ሰው አለ። የሚታሰረው ግን ወንድ ነው፤ በር ሰብራ የምታድነው ደግሞ ሴት ናት! በሲኒማ ዘመን የማክ ሴኔት ኮሜዲዎች፣ በ1913 በሜብል ኖርማንድ፣ በ1917 ደግሞ በግሎሪያ ስዋንሰን፣ ሴት አስረው አሳዩ፤ ያሳዩት ግን በአሮጌው ተውኔት ሊያሾፉበት ነው። ቀልዱ ቀረና ዋናው መስሎ ኖረ።

ዋናዎቹን ፊልሞች ያየ ሰው የሚያገኛት ሴት ሌላ ናት። ከ1914 እስከ 1917 ድረስ ኬለም የተባለው ኩባንያ «የሄለን አደጋዎች» በሚል ርዕስ 119 አጫጭር ፊልሞችን በየሳምንቱ አወጣ። ሄለን የገጠር ጣቢያ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ናት። ከፈረስ ላይ ወደሚሮጥ ባቡር ትዘላለች፤ ያመለጠ ሎኮሞቲቭ አሳድዳ ታቆማለች፤ የተሰረቀ ደመወዝ ታስመልሳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቴሌግራፍ ትመታለች። በመጀመሪያ የተጫወተቻት ሄለን ሆልምስ ናት፤ እርሷ ስትለቅ ሄለን ጊብሰን ተካቻት። ጊብሰን በአሜሪካ ሲኒማ የመጀመሪያዋ ባለሙያ የአደገኛ ትዕይንት ተዋናይት ትባላለች። አንድ ጊዜ ከጣቢያ ጣሪያ ላይ ወደሚሮጥ ባቡር ጣሪያ መዝለል ነበረባት። ርቀቱን ለክተው፣ ባቡሩ ቆሞ ሳለ ደጋግማ ተለማምዳ ነበር፤ ባቡሩ ሲሮጥ ግን የመጀመሪያዋ ነው። ዘለለች፤ በትክክልም አረፈች፤ ነገር ግን የባቡሩ ሩጫ አንከባሎ ወደ ፉርጎው ጫፍ ወሰዳት። የአየር ማስወጫውን ቧንቧ ጨብጣ ቀረች። ይህን ጊዜ ራሷን ብታድን ይበቃት ነበር፤ እርሷ ግን ትዕይንቱ እንዲያምር ብላ አካሏን በጫፉ ላይ አንጠለጠለችው። ትርፏ ጥቂት ቁስል ብቻ ሆነ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሲያነጋግረኝ ወደ ቆየው ጉዳይ እመጣለሁ። እነዚህ ፊልሞች የሚያስደስቱን በአደጋ ነው። የሚዘለው እውነተኛ ሰው ነው፤ የሚጋጨው እውነተኛ ብረት ነው። ይህ ደስታ ንጹሕ ነው ወይ? ጥያቄውን ያነሣብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ አባቴ ናቸው።

አባቴ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጥገና ክፍል ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥተው ሁለት ሳምንት ሰነበቱ። ማታ ማታ በኮምፒውተሬ እነዚህን ፊልሞች አሳየኋቸው። በመጀመሪያ ያየነው በ1929 የተሠራውን የእንግሊዞቹን «ፍላይንግ ስኮትስማን» ነበር። ከፊሉ ድምፅ አልባ፣ ከፊሉ የሚናገር ፊልም ነው። ፖሊን ጆንሰን የተባለችው ተዋናይት በሚሮጠው ባቡር ውጫዊ ጎን ላይ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምታ፣ እየተንጠላጠለች ወደ ሎኮሞቲቩ ትሄዳለች። አባቴ ለዚህ ያን ያህል አልተደነቁም። በኋላ ግን ክፉው ሰው ሎኮሞቲቩን ከፉርጎዎቹ ሲለያየውና ሁለቱም ሳይቆሙ በየፊናቸው ሲገሠግሡ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ውሸት ነው! ቱቦው ሲበጠስ ፍሬኑ ይይዛል እኮ! ሁለቱም ባሉበት ነው የሚቆሙት!»

«ፊልም ነው እኮ አባዬ።»

«ፊልም ይሁና! ፍሬኑን ምን አደረጉት?»

በጣም ሣቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ የማውቀውን ነገርኳቸው። የባቡር ኩባንያው ዋና መሐንዲስ የነበሩት ናይጄል ግሬዝሊ ፊልሙን ሲያዩ የተቆጡት በዚሁ ነገር ነው። በእርሳቸው ግፊት ከፊልሙ መጀመሪያ ላይ፣ ስለ ደህንነት መሣሪያዎች የሚታየው ነገር ለታሪኩ ሲባል የተደረገ ነው የሚል ማስታወቂያ ገባ። አባቴ ይህን ሲሰሙ የተደሰቱት ደስታ ሌላ ነው። «አየህ! መሐንዲስ ማለት እንዲህ ነው» አሉ፤ ሰውዬውን በአካል የሚያውቁት ይመስል።

በማግሥቱ «አጥፊው» የተባለውን፣ ጌዛ ቮን ቦልቫሪ እንግሊዝ ውስጥ የሠራውን ፊልም አየን። ታሪኩ ከባቡር ጋር የሚወዳደር የአውቶቡስ ድርጅት ያለው ሰው የባቡሩን ስም ለማጥፋት ሲል ባቡሮችን እያጋጨ ሰው እንደሚጨርስ የሚናገር ነው። («አውቶቡስ ያላሸነፈው ባቡር የት አለ» አሉ አባቴ፤ ይህን ያሉት ግን በቀልድ ብቻ አይመስለኝም።) የፊልሙ ዝና ያለው በግጭቱ ላይ ነው። በኦገስት 1928 በሃምፕሽር ላሻም አጠገብ አንድ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ከነፉርጎዎቹ እየከነፈ መጥቶ በሐዲዱ ላይ ከቆመ ከባድ የጭነት መኪና ጋር ተላተመ። እውነተኛ ባቡር ነው፤ ትንሽ ሞዴል አይደለም። ከሃያ በላይ ካሜራዎች ተደርድረው ቀረጹት። ሊደገም የማይችል ነገር ነበርና።

ሎኮሞቲቩ ሲገለበጥ አባቴ እጃቸውን አነሡ። አቆምሁት።

«ሰው ነበረበት?»

«ማንም አልነበረበትም። ባዶ ነው።»

«ነጂውስ?»

«እርሱም አልነበረበትም።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እንግዲያውስ ድገመው» አሉኝ። አራት ጊዜ ደገምነው። ከዚያ በኋላ ያዩት እንደ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ የትኛው ፉርጎ በየትኛው ላይ እንደ ወጣ፣ ማያያዣው የት ላይ እንደ ተሰበረ፣ እንጨቱ ከብረቱ ቀድሞ እንዴት እንደ ተበተነ በጣታቸው እያሳዩ አስረዱኝ። ማንም ያልሞተበት ግጭት ለእርሳቸው ትምህርት ቤት ነበር።

ሦስተኛው ማታ የአቤል ጋንስን «መንኮራኩሩ»ን አስጀመርሁ። ይህን ያደረግሁት በዓላማ ነው፤ የፊልሙ ጽሑፍ ፈረንሳይኛ ነው፤ የአባቴ የሥራ ቋንቋ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነበር። በድሬዳዋ ባቡር የሠራ ሰው የብሎኑን ስም ሳይቀር በፈረንሳይኛ ነው የሚያውቀው። ፊልሙ የሚጀምረው በሌሊት የባቡር አደጋ ነው። ጭስ፣ የተጨማደደ ፉርጎ፣ የሚሯሯጥ ሰው፣ ፋኖስ። ሲሲፍ የተባለው ሎኮሞቲቭ ነጂ ከፍርስራሹ መካከል እናቷ የሞተችባትን ሕፃን አንሥቶ ይወስዳል። አባቴ የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች ጮክ ብለው ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ። ከዚያ ንባቡ ቆመ። ዘወር ስል ተነሥተው ወደ በረንዳው ወጥተዋል።

በጥር 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጥር 1985፣ አዋሽ አጠገብ በድልድይ መዳረሻ ኩርባ ላይ አንድ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደሉ ወደቀ። የሞቱት ከ400 በላይ ናቸው። አባቴ በዚያ ሳምንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደዚያ ሄደው እንደ ነበር የማውቀው ከእናቴ ነው፤ እርሳቸው አንድም ቀን አውርተውት አያውቁም። በዚያች ማታም አላወሩም። በረንዳው ላይ አጠገባቸው ስቆም ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያ ሰውዬ ይህን ሲሠራ አይቶ ነው የሠራው። ፋኖሱን አያያዛቸውን አየህ?»

አላየሁትም ነበር። በኋላ ብቻዬን ሆኜ ተመለከትሁት። በአደጋው ቦታ ያሉት ሰዎች ፋኖሱን ከፍ አድርገው ሳይሆን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው ይዘው ይሄዳሉ፤ ምን እንደሚረግጡ ለማየት።

ስለዚህ ፊልም ትንሽ ልበል፤ ይገባዋልና። ጋንስ የቀረጸው በኒስ ከተማ በእውነተኛ የባቡር ግቢ ውስጥ፣ በሐዲዶች መካከል ቤት አሠርቶ፣ ቀጥሎም በሞን ብላን በረዶ ላይ ነው። በሥራው ጊዜ ሁሉ ወዳጁ ኢዳ ዳኒስ በሳንባ ነቀርሳ እየሞተች ነበር፤ ሲሲፍን የተጫወተው ሴቬራን ማርስም ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ በ1921 ሞተ። ሲሲፍ ያሳደጋትን ልጅ ያፈቅራል፤ ወደ ሠርጓ የሚወስዳትን ባቡር ራሱ እየነዳ፣ ሁሉንም ይዞ ሊጠፋ ፍጥነቱን ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ምስሎቹ ይራወጣሉ። መንኮራኩር፣ ሐዲድ፣ ጭስ፣ ፊት፣ የግፊት መለኪያ፤ በመጨረሻ ዓይን እስከማይለያቸው ድረስ። ከግሪፊዝ የተወለደው ነገር ማደጉን እዚህ ታያላችሁ። ሙዚቃውን ያዘጋጀው አርተር ኦነገር ወዲያው በ1923 «ፓሲፊክ 231» የተባለውን፣ በሎኮሞቲቭ ስም የተሰየመ የኦርኬስትራ ሥራ ጻፈ። ፊልሙ ሲወጣ ከሰባት ሰዓት በላይ ነበር። ከዚያ ተቆረጠ፤ እንደገና ተቆረጠ፤ በ2019 ታድሶ ወደ ሰባት ሰዓት የሚጠጋ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ሰው የሚያውቀው ጉማጁን ብቻ ነበር።

የበስተር ኪተንን «ጄኔራል» ሳልጠቅስ ባልፍ አንባቢ ይቀየመኛል። ኮሜዲ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ከልብ አንጠልጣዮቹ እመድበዋለሁ፤ በ1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተፈጸመ እውነተኛ የሎኮሞቲቭ ስርቆት ነው መነሻው። በጁላይ 1926 ኦሬገን ውስጥ አንድ ሎኮሞቲቭ በሚቃጠል ድልድይ ላይ አሳልፎ ወንዝ ውስጥ ጣለው፤ ያ አንድ ትዕይንት 42,000 ዶላር እንደ ፈጀ ይነገራል። ፍርስራሹ እዚያው ወንዝ ውስጥ ኖረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ስለ ተፈለገ ተነቅሎ ተወሰደ።

ኪተን እድለኛ ነው፤ ብረቱ ቢሄድም ፊልሙ ቀርቷል። የብዙዎቹ ዕጣ ተቃራኒ ነው። የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራው ከናይትሬት ነበር። ናይትሬት ምስሉ የሚያምር፣ ጠባዩ ግን ክፉ ነው፤ ሲነድ የራሱን ኦክስጅን ስለሚያወጣ ውኃ ውስጥ እንኳ ይነዳል። ካልነደደም ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ መጀመሪያ ይወይባል፣ ከዚያ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ የፎክስ ኩባንያ መጋዘን ሲቃጠል የኩባንያው ድምፅ አልባ ፊልሞች አብዛኛው እዚያ አለቀ።

እሳቱስ እሳት ነው፤ ሰው ይልቅ ያሳዝናል። በፊልሙ ላይ ያለው ምስል የተሠራው ከብር ነው፤ እውነተኛ ብር። ፊልሙ ካረጀና ገበያ ካጣ በኋላ አቅልጦ ብሩን ማውጣት ያዋጣ ነበር። ዩኒቨርሳል ኩባንያ በ1948 የቀሩትን ድምፅ አልባ ፊልሞቹን ሆን ብሎ አስወገደ። ብዙ ጸሐፊዎች በዚህ ይራገማሉ። እኔ ለመራገም ምላሴ አይታዘዝልኝም፤ ሥራዬ ያንን ውሳኔ አሳምሮ ያስረዳኛል። ገቢ የማያመጣ፣ መጋዘን የሚይዝ፣ የእሳት መድን የሚያስከፍል ንብረት በሒሳብ መዝገብ ላይ ስሙ ወጪ ነው። እኛም ቅርንጫፍ ውስጥ የጊዜ ገደባቸው ያለፈ ሰነዶችን በኮሚቴ ፊት፣ በቃለ ጉባኤ እናስወግዳለን። አንድ ጊዜ ከሚወገዱት ውስጥ የአንዲት ደንበኛ የአሮጌ ዘመን ቅጽ ወድቆ አነሣሁት፤ በፊርማው ቦታ ላይ አውራ ጣቷ ታትሞበታል፤ ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ ስሟ ተጽፏል። ደንቡ እንዲያልፍ ያዛል፤ አለፈ። ደንቡ ስሕተት አልነበረም። ጣቷ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል።

የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያሳተመው የዴቪድ ፒርስ ጥናት ከ1912 እስከ 1929 በአሜሪካ የተሠሩትን ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 10,919 ብሎ ቆጥሯቸዋል። በመጀመሪያ በወጡበት መልክ የተገኙት 14 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ 70 ከመቶ ያህሉ ፈጽሞ ጠፍተዋል። ይህ የረጃጅሞቹ ነው። እንደ ሄለን ያሉት፣ በየሳምንቱ ተሠርተው በየሳምንቱ የሚጣሉት አጫጭሮቹ በዚህ ቁጥር ውስጥ አልገቡም። ከ119ኙ የሄለን ክፍሎች በእጅ ያሉት ጥቂቶች ናቸው።

የተረፈውም የሚተርፈው በማይጠበቅ በር ነው። በ1924 ክላረንስ ብራውን በካሊፎርኒያ ጫካ ውስጥ የቀረጸው «የምልክት ማማው» የሚባል ፊልም አለ፤ አንድ የሲግናል ሠራተኛ ያመለጠ ባቡር ከመንገደኞቹ ባቡር ጋር ሳይጋጭ በፊት ማቆም አለበት፤ በዚያው ሰዓት ሚስቱ ቤት ውስጥ ከአንድ ክፉ ሰው ጋር ብቻዋን ናት። ሥራውን ትቶ ይሂድ ወይስ ይቆይ? ፊልሙ የተረፈው በ16 ሚሊ ሜትር፣ በየቤቱ ለሚያሳዩ ሰዎች በተዘጋጀ ትንሽ ቅጂ ነው፤ በ2019 ታድሶ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ታየ። ትልቁ ቅጂ ሁሉ ሲጠፋ ከሰው መኖሪያ ቤት የመጣው ተረፈ ማለት ነው።

አሁን እየፈለግሁ ያለሁት የሄለንን ክፍሎች ነው። ኢንተርኔት ላይ ተበታትነው ያሉትን፣ አንዳንዱን ጅራት የሌለው፣ አንዳንዱን ራስ የሌለው፣ አንድ በአንድ በደብተር እመዘግባለሁ። ለአባቴም ወደ ድሬዳዋ በፍላሽ እልክላቸዋለሁ፤ ከመላኬ በፊት ግን ሰው የሚሞትበት እንዳይሆን አስቀድሜ አያለሁ። እርሳቸውም በስልክ የፍሬኑን ነገር ይነግሩኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ያገኘሁት ቁራጭ መካከሉ በስብሷል። የዕቃ ባቡር ከግራ ይመጣል፤ ሄለን ጣሪያው ላይ ተንበርክካለች። ከምስሉ መካከል ላይ ናይትሬቱ ተበልቶ ነጭ አረፋ እንደሚፈላ ወተት ይገነፍላል። ሎኮሞቲቩ ገባበት፤ ከዚያ ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ፤ ከዚያ እርሷ። ለጥቂት ሰከንዶች ከሚፈላው ነጭ በቀር ምንም አይታይም። ከዚያ በቀኝ በኩል የሎኮሞቲቩ አፍንጫ ብቅ አለ። ከመግባቱ በፊት ፉርጎዎቹን ቆጥሬያቸው ነበር፤ ስድስት ነበሩ። ሲወጡም ቆጠርኋቸው። ስድስት ናቸው፤ እርሷም አራተኛው ላይ አለች።